ሁለት ላይ የተሳለችው ትንሽ ክብ

ተማሪ የሳለውን ግራፍ ሲያመጣለት ዳራር ሚጋኔ መጀመሪያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረጋና በመዳፉ ሁለቴ ይጠርገዋል። አቧራ ኖረም አልኖረም ይጠርገዋል። ከዚያ ማስመሪያውን ከላይ ወደ ታች በሚወርደው የግራፉ መስመር ላይ ያስተኛና በአውራ ጣቱ ጥፍር ጀርባ ጫን እያለ ያሰምረዋል። ማስመሪያውን ያነሳል። ወረቀቱን ባሰመረው ላይ ያጥፋል፣ እጥፉን በእርሳስ ጀርባ ይዳምጠዋል፣ ተነስቶ መስኮቱ ላይ ይለጥፈዋል። ፀሐይዋ ወረቀቱን ዘልቃ ትገባለች። የግራው ኩርባና የቀኙ ኩርባ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው አንድ መስመር ከሆኑ «ተጋማሽ» ይላል።

ካልገጠሙ ወረቀቱን መልሶ ይዘረጋል። ያንኑ ግራፍ የያዘ ሁለተኛ ኮፒ ከሥሩ ያስገባል። የኮምፓሱን ሹል ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ዜሮ ላይ ይተክልና የላይኛውን ወረቀት ግማሽ ዙር ያዞረዋል። ኩርባው ከሥሩ ካለው ጋር ከገጠመ «ኢተጋማሽ»። ካልገጠመ «ከሁለቱም አይደለም» ይልና ወረቀቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። ጠቅላላ ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በቁጥር የሚያረጋግጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኤክስ ባለበት ሁሉ ቅንፍ ይከፍታል፣ ኔጌቲቭ ኤክስ ያስገባል፣ ቅንፉን ይዘጋል። ቅንፍ የማይከፍት ተማሪ ካየ እርሳሱን ይቀማዋል። ተጣርቶ የወጣው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ከሆነ ፈንክሽኑ ተጋማሽ ነው። ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ከወጣ ኢተጋማሽ ነው። ከፊሉ ተገልብጦ ከፊሉ እንዳለ ከቀረ ከሁለቱም አይደለም።

«መሲዩ፣ በቁጥር የሚረጋገጥ ከሆነ ማጠፉ ለምን አስፈለገ?» አለችው አንድ ጠዋት ዴካ የምትባል ተማሪው።

«እጅሽ እንዲያውቀው።»

«እጄ ፈተና አይቀመጥም።»

«ታዲያ በምንሽ ልትጽፊ ነው?»

ዴካ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀልዱን የተናገረው ግን እሱ ነበር።

ዳራርን የማውቀው ከባቡር ወርክሾፕ ነው። እኔ ድሬዳዋ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ቀራጭ ነበርኩ፣ እሱ እዚህ ጅቡቲ ንድፍ ቤት። ዘንግ ሲሰበር ወይም ዘንጉን የሚያቅፈው ቡሽ ሲበላ ንድፉ ከእሱ ዘንድ ተጠቅልሎ በባቡር ይመጣልኛል። ዕቃው ክብ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነበር የሚስለው። መሀል ላይ መስመር ያሰምራል፣ ከመስመሩ በላይ ያለውን ይስላል፣ የታችኛውን ይተወዋል፤ የቀረው ምን እንደሚመስል ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ያውቃል። ሙሉውን መሳል ግድ ሲሆንበት ደግሞ ስሱን ወረቀት መሀሉ ላይ አጥፎ ወደ ብርሃን ያነሳዋል፤ ግማሾቹ ካልገጠሙ ይቀደዳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእሱ ንድፍ ሠርቼ ያበላሸሁት ዕቃ የለም። ፊቱን ሳላይ ነው እጁን ያወቅሁት።

ወርክሾፑ ሲቀዘቅዝ እኔ ወደዚህ መጥቼ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሠፈር ከዓሣ ተራው ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። እሱ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። «ድሬ» ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ሠፈሩ ከእሱ ወሰደው። አሁን እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ እዚህ ሦስት ሰው አይሞላም።

ማጠፉን ከንድፍ ቤት ወደ ክፍል ይዞት ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረ። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወረቀት ሲታጠፍ ከሰማህ፣ የታጠፈውም ወደ መስኮት ሲነሳ ካየህ፣ የዳራር ልጆች ናቸው ማለት ነው። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ መልስ የሚለዋወጡ እየመሰላቸው ይጮሁባቸው ነበር፤ በኋላ ለመዱት።

ሚስቱ ሳሬዶ ከሁለት ዓመት በፊት በኩላሊት ሞተች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አርባ የግራፍ ወረቀት ይባዛልኝ አለ።

«ዳራር፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ቤትህ ተቀምጦ የለም ወይ?»

«አለ። ሻይ ይጠጣሉ።»

«ታዲያ አንተ?»

«እሑድ ክፍል አለኝ» አለ፤ እዚህ የትምህርት ሳምንት የሚጀመረው እሑድ ነው።

አርባውን አባዛሁለት። ቆጥሮ ወሰደ።

እኔ የሰው ሆድ ማንበብ አላውቅበትም። ያየሁትን ግን ልናገር። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል። ጠዋት ጉበት ለሆሕ ከሚባለው ቂጣ ጋር ያዝዛል፣ ፉል ቢያመጡለት ፉሉን ይበላል። ቤቱ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ በግንቦት ተበላሸ፣ እስካሁን አላሠራውም፤ ይህ ከተማ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር። «ምን ይሰማዎታል?» ሲባል «ምንም» አለ። ሐኪሙ የሚያመው ነገር እንደሌለ ገብቶት ቫይታሚን ጻፈለት። ወጣን። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስንደርስ «ትክክል ነው የመለስኩት» አለኝ።

ሥራውን ግን አንድ ቀን አልቀረም። ሁሉም ሰው በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያ «ዳራር ጠንካራ ነው» ይል ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ሲቃረብ ማዳም ኢፍራህ ጠራችው። ማዳም ኢፍራህ የአንድ አነስተኛ የወደብ ቴክኒክ ማሠልጠኛ ኃላፊ ናት፤ በልጅነቷ ተማሪው ነበረች። በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰው ትቀበላለች፣ ለእነዚያ አሥራ ሁለት ወንበሮች ወደ ሦስት መቶ ሰው ይፈተናል። ያለፈ ሰው ሁለት ዓመት ተምሮ ክሬን ላይ ወይም ሞተር ክፍል ይገባል። ያላለፈ ዕድሜው ከሃያ ሁለት ካልዘለለ ለከርሞ ይሞክራል፣ ከዘለለ አይሞክርም። የሒሳቡን ጥያቄና የእርማቱን ቁልፍ ያወጣው ዳራር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነበር፦

(x³ − 2x²) ÷ (x − 2)

የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚፈቀዱ ጻፍ። አጣራ። ተጋማሽ፣ ኢተጋማሽ ወይስ ከሁለቱም አይደለም? ግራፉን ሳል።

ዳራር ቁልፉን የጻፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ከታች ዜሮ ይሆናል፤ አንድ ነጥብ። ሲጣራ ኤክስ ካሬ ይሆናል፤ አንድ ነጥብ። ተጋማሽ ነው፤ ሁለት ነጥብ። ግራፉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ ኩርባ ነው፤ ሁለት ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጥና ትንሽ ባዶ ክብ ትሳላለች፣ እዚህ ነጥብ የለም ለማለት፤ ሁለት ነጥብ። ስሎ አጠፈው፣ ወደ መስኮቱ አነሳው፣ ገጠመለት። አቃፊው ውስጥ ከተተው።

ጥያቄው ሲባዛ ማሠልጠኛው ቢሮ ውስጥ ከማሽኔ ጋር በር ተቆልፎብኝ ነበር፤ ወግ ነው። ተፈታኙ ስሙን ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጽፋል፣ ጥጉ ታጥፎ በኮላ ይለጠፋል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ቢሮው በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቁጥር ይመታል፤ ቁጥሩን ተፈታኙ እንኳ አያውቀውም። የሚከፈተው ያለፉት የአሥራ ሁለቱ ጥግ ብቻ ነው። የሌላው እንደተለጠፈ ሠላሳ ቀን ይቆይና ይቃጠላል። ለአድልዎ ቀዳዳ እንዳይኖር የወጣ ደንብ ነው፣ ጥሩ ደንብ ነው።

ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ወረቀት ሦስት ቀን ታረመ። አንደኛ አራሚ ሁመድ፣ የታጁራ አፋር፣ የፊዚክስ መምህር፤ ሁለተኛ አራሚና ፈራሚ ዳራር። እኔ መዝገቡን አትሜ ስወስድላቸው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እዚያው ነበርኩ። ሁመድ ጫቱ ከተማ ሳይገባ መጨረስ ስለፈለገ እየተጣደፈ ነበር።

«ይሄኛው ቃል ሊገዛ ሄዶ ሱቁ ተዘግቶበታል» አለ አንድ ወረቀት እያገላበጠ። «ገጹ ሙሉ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ላይ "ከሁለቱም አይደለም" ብሎ ነጥብ አድርጎ ተኛ። ለምን? የለም።»

«ግራፉስ?»

«ግራፉ ጥሩ ነው። ክቧም አለች። አንዳንዱ ክቧን ያመጣል፣ ተጋማሹን ይስታል፤ አላህ ሲያድል እንዲህ ነው።»

«ቁልፉ ምን ይላል?» አለ ዳራር።

«ሰውዬ፣ ቁልፉን የጻፍከው አንተ። ተጋማሽ ይላል።»

«ዜሮ ስጠው።»

«ለግራፉስ?»

«ሙሉ።»

ሁመድ ቀይ ሰረዝ አደረገበት። ዳራር ወረቀቱን ተቀበለ፣ አየው፣ ፈረመ። ከላይ የተመታው ቁጥር 0231 ነበር፤ መዝገቡ ላይ ሲሞላ አይቻለሁ። ከሃያ አሥራ አንድ አገኘ። አሥራ ሁለተኛው ሰው አሥራ ሦስት ነበረው። የአሥራ ሁለቱ ስም በር ላይ ተለጠፈ፤ ዴካ ሰባተኛ ወጣች።

ውጤቱ በወጣ በሠላሳ አራተኛው ቀን ዴካ ሱቄ መጣች። ያቺው ሙቀትና አቧራ የተሸከመ ነፋስ የሚነፍስበት ሰሞን ነው፤ ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጉዳዩን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። የአጎቷ ልጅ ለከርሞ ስለምትፈተን የዘንድሮውን ጥያቄ ከነመልሱ አዘጋጅታ ልታባዛላት ፈለገች። ዳራር እንደ ልማዱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«መሲዩ፣ አንዴ ይዩልኝ። ሳባዛው ስህተት እንዳይባዛ።»

ወረቀቱን ተቀበላት። ጠረገው፣ አሰመረው፣ አጠፈው፣ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ዴካ ጥንቁቅ ናት፤ ትንሿን ክብ በእጇ አልሳለቻትም፣ በኮምፓስ ነው ያዞረቻት፣ የኮምፓሱ ሹል ደግሞ ሁለት ላይ ወረቀቱን በስቶታል።

ዳራር እጁን መስታወቱ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ሲቆይብኝ ቀና አልኩ።

«ድሬ፣ ና። እዚህ ምን ይታይሃል?»

«ቀዳዳ።»

«በቀዳዳው ውስጥስ?»

ተጠግቼ አየሁ። «መስመር።»

«የቀኙ ነው የግራው?»

«የቀኙማ ተበስቷል። የግራው ነው፣ ከኋላ።»

ወረቀቱን አውርዶ ዘረጋው። እርሳስ አንስቶ ከኤክስ ቦታ ኔጌቲቭ ሁለትን አስገባ፤ አራት ወጣ። ሁለትን አስገባ፤ ዜሮ ለዜሮ ሆነና ቆመ። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ተጋማሽ አይደለም» አለ።

«ምኑ?» አለች ዴካ።

«ሦስተኛው። ኔጌቲቭ ሁለት ላይ ነጥብ አለ። ሁለት ላይ የለም። ተጋማሽ የሚባለው በግራ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ በቀኝ ትይዩ ሲኖረው ነው። አንዱ ካጣ አለቀ። የቀረው ሁሉ ቢገጥም አለቀ።»

«መሲዩ፣ እኔ ተጋማሽ ብዬ ሁለት ነጥብ በልቻለሁ። ሊያስተፉኝ ነው?»

«አንቺን ማን ነካሽ።»

«ግን እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ "መጀመሪያ የሚፈቀዱትን ቁጥሮች እዩ፣ ግራና ቀኝ እኩል ካልሆኑ ወደ ሌላው አትሂዱ" ያሉን? ደብተሬ ላይ አለ። በቀይ ነው ያሰመርኩበት።»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አጥፌ አየሁት። ገጠመ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ከቁጥር የሚነሳ ሰው ሁለት እንደማይፈቀድ ሲጽፍ ኔጌቲቭ ሁለትስ ብሎ ይጠይቃል። ዓይኑንና እጁን ያመነ ሰው ግን አንዲት ነጥብ ስትጎድል አያያትም፤ ነጥብ ስፋት የላትም፣ ክቧም ስትታጠፍ የግራው መስመር በመሀሏ ያልፍና የሞላች ትመስላለች። ንድፍ ቤት የተማረ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው። ከእሱ የተማሩት ሁሉ አብረውት ተሳሳቱ፤ ክቧን የሳሉት ሃያ ምናምን ሰዎች ከአንዱ በቀር ክቧን ከሳሉ በኋላ ተጋማሽ ብለው ጻፉ። ክቧን ስሎ «ከሁለቱም አይደለም» ያለ 0231 ብቻ ነበር።

ዴካ ሄደች። ዳራር ተመልሶ ተቀመጠ።

«አይቻት ነበር» አለኝ። «የዚያን ልጅ ክብ። ጥሩ ክብ ናት ብዬ ሙሉ ሰጠሁ፣ ከላይዋ ዜሮ ፈረምኩ። እጄ አለፈ።»

«አሁን ምን ተሰማህ?»

«እየጠበቅኩ ነው» አለ። የሻይ ብርጭቆውን አጠበና «የለም» ብሎ ባርኔጣውን አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት አብሬው ሄድኩ፤ ለማሠልጠኛው የማደርሰው ቀለምም ነበረኝ።

«መሲዩ፣ በዚህ ነፋስ በእግርዎ?» አለች ማዳም ኢፍራህ ወንበር እየሳበችለት።

«ቁልፉ ላይ ስህተት አለ። የእኔ ነው።»

ወረቀቱን ሰጣት። እሷም ከሳህኑ ቅርጽ አልጀመረችም፤ ከቁጥሩ ጀመረች። ኔጌቲቭ ሁለት፣ አራት። ሁለት፣ የለም። መነጽሯን አወለቀች።

«ስንት ሰው ይነካል?»

«ተጋማሽ ያለ ሁሉ ሁለት ይቀነስበታል። 0231 ሁለት ይጨመርለታል። አሥራ ሁለተኛሽ አሥራ አንድ ይሆናል፣ እሱ አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሁለተኛውን ላስወጣ ነው? እናቱ እኮ ዘመድ ጠርታ አብልታለች።»

«አላልኩም። ወንበር ጨምሪ።»

«ወንበርማ አለኝ፣ መሲዩ። ሰው ነው የሌለኝ። ወረቀቶቹ ሐሙስ ዕለት ተቃጠሉ። ጥጉ እንደተለጠፈ፣ ከነስሙ። ደንቡን ያውቁታል።»

«ማቃጠሉን ለአንድ ሳምንት አዘግይቼው ቢሆን» አለ ዳራር።

«ስህተት እንዳለ በምን አውቀው?»

መዝገቡን አወጣች። 0231፣ አሥራ አንድ፤ ሌላ ምንም የለውም። ሦስታችንም ቁጥሩን አየን። ውጪ የፕላስቲክ በርሜል በነፋስ እየተንከባለለ አጥሩን ይመታል።

«ሰውየውን ያምጡልኝና አስገባዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «በወረቀት አይደለም፣ በእርስዎ ቃል። እስከ ጥቅምት ሃያ። ከዚያ በኋላ ወርክሾፑ ስለሚጀመር አልችልም።»

ማስታወቂያ ጽፈን በር ላይ ለጠፍን፦ በሦስተኛው ጥያቄ «ከሁለቱም አይደለም» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ይምጣ። ስምንት ሰው መጣ። ዳራር ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ለምን?

«ስለማይገጥም» አለ አንዱ።

«ምኑ ነው የማይገጥመው?»

«ሁለቱም።»

አንዷ ከእናቷ ጋር መጣች፤ የመለሰችው እናቷ ናት። አንድ ረጅም ልጅ «መሲዩ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ቀን ሙቀት ነበር» አለ።

«ሦስተኛው ላይ ምን ብለህ ነበር?»

«ተጋማሽ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ወንበር አለ ሲባል።»

ሁመድ ልጁን ሻይ ጋብዞ ሸኘው። ስምንቱም አልሆኑም። ዳራር ማታ ማታ ያንን ወረቀት በሐሳቡ እየዘረጋ ያየው ነበር መሰለኝ፤ በሳምንቱ መጥቶ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ የልጁ ሰባት ወገቡ ላይ ሰረዝ የለውም። እዚህ ሁሉም ሰው ሰባትን ወገቡ ላይ ይሰርዘዋል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲያ ነው የሚያስተምሩት። ሁለተኛው፣ ልጁ ሁለት ተኩልን ሲጽፍ በሁለቱና በአምስቱ መሀል ያደረገው ነጥብ ነው። እዚህ ግን ወደ ታች የምትሾል ጭረት ነው የሚደረገው።

«ከድንበር ማዶ የተማረ ነው» አለኝ። «ከናንተ በኩል ወይ ከሐርጌሳ በኩል። ፈተናው በፈረንሳይኛ ነው፣ የእሱ ፈረንሳይኛ ደግሞ ትንሽ ነው። ምክንያቱን ያልጻፈው ስላልገባው አይደለም፤ ቃል ስለሌለው ነው። ያለውን ጥቂት ቃል ጻፈ፣ በቂ ነበር።»

«ሁመድ ሰነፍ ነው ብሎት ነበር።»

«ሁመድ ቁልፉን አይቶ ነው። ቁልፉ የእኔ ነው።»

ለሐርጌሳ የሱማሌኛውን ማስታወቂያ ራሱ ጽፎ ላከ። የአማርኛውን አንተ ጻፍልኝ አለ። እኔም ስለ ልጁ ብቻ ብጽፍ ሰው ማን እንደሚጠራው አያውቅም ብዬ ዳራር ማን እንደሆነ አስቀድሜ ጻፍኩ፤ እስካሁን ያነበብከው ያ ነው። ያነበብኩለት ጊዜ የሳሬዶ ነገር ላይ ስደርስ ይቅር ይላል ብዬ ነበር። «እሺ» አለ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፣ በቆረጠው ቦታ እየቆረጥኩ ጽፌዋለሁ።

«ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም። ያጠፋሁት እኔ ነኝና እርስዎ ልበል። በሰኔ የተፈተኑት፣ ሰባትን ሳይሰርዙ የሚጽፉት፣ ሦስተኛው ላይ ከሁለቱም አይደለም ያሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ትክክል ነበሩ። ዜሮ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ሁመድ አይደለም፣ ማሠልጠኛውም አይደለም። ወረቀትዎ ተቃጥሏል፤ ወንበርዎ እስከ ጥቅምት ሃያ አለ። ይህን ያነበቡት እርስዎ ካልሆኑ ደግሞ፣ ወደዚህ መጥቶ ተፈትኖ ወድቆ የተመለሰ ሰው በሠፈርዎ ቢኖር ያንብቡለት። ተናዶ አልመጣም ቢል እውነት አለው፤ ቢሆንም ይንገሩት። ካርቲዬ ዱ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ድሬ ፎቶ ኮፒ ማለት ይበቃል፤ ጠዋት ጠዋት አለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፣ ለምን የሚለውን። በሚችሉት ቋንቋ ይመልሱልኝ።»